ያልባረክሁት ቤት

በቅርቡ ከቤቴ በታች የተከፈተው አዲስ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ በሬን አንኳኳ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያበራ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ጎረምሳ ነው። «ሲስተር፣ ለፈረንጆቹ ገና ትንሽ ዝግጅት አለችን። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ይመጣሉ፣ የውጭ እንግዶችም አይጠፉም። በዚህ ከተማ ጀርመንኛ በሚነገርበት አገር የኖሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እባክዎ መጥተው ስለዚያ አገር ገና ደስ የሚል ትዝታ ያጫውቱን» አለኝ። «ደስ የሚል ትዝታ የለኝም» አልሁት። የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ልመናው ሲበዛብኝ ቢያንስ አዳራሹን ልይለት ብዬ ተከትዬው ወረድሁ። የፕላስቲክ ጥድ አቁመው ጥጥ አልብሰውታል። በረዶ ነው አሉ። እኔ በጥጡ ልስቅ ስል አስተናጋጇ ቅርንፉድና ቀረፋ የበዛበት፣ የብርቱካን ልጣጭ የገባበት ሻይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ሽታው ገና ሲደርሰኝ ጥርሴ ተነካከሰ። ሻዩን ሳልቀምስ ተነሥቼ ዳገቱን እያለከለክሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ልጁ ምን እንዳስቀየመኝ አልገባውም። እሱ ምን ያድርግ! ያስቀየሙኝ ሌሎች ናቸው፤ ነገሩም የአርባ ዓመት ነገር ነው።

የዚያችን ከተማ ስም አልጠራም። ስሟን ብጠራ ያከበርኋት ይመስለኛል። ከተራራ ሥር የተወሸቀች፣ የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት የሽንኩርት ቅርጽ ያለው፣ መንገዶቿ በድንጋይ የተነጠፉ፣ ለሥዕል የምታምር ትንሽ ከተማ ነበረች። ደብረ ታቦር በድሬሰርነት ስሠራ የነርስነት ትምህርት ዕድል አገኘሁና ሄድሁ። ዓመቱን አትጠይቁኝ። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ገበያ ከወጣች ሰው ዞሮ የሚያይበት፣ ከአንበሳሜ ገበያ ለሚመጣ ጭነት አይሱዙ ብርቅ የሆነበት፣ ወጣቱ ሁሉ የክራር ካሴት እያስቀዳ የሚያደምጥበት ዘመን ነበር። እኔም አንድ እንዲህ ያለ ካሴት፣ አንድ ጋቢ፣ ሁለት ነጠላ፣ የበርበሬ ቋጠሮ ይዤ ሄድሁ። ብርዱን አልፈራሁም። አባቴ ከገሳይ ወደ ጉና በሚወስደው ዳገት ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበር፤ የጉና ብርድ ያሳደገው ሰው በብርድ አይሸበርም። የምሠራውና የምማረው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነበር። ሥራው ከባድ ነው፤ አሮጊቶቹ ግን ክፉዎች አልነበሩም። ክፉው ነገር የጀመረኝ ከሥራ ውጭ ነው።

የተከራየሁት ፍራው ሌሕነር ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነበር። ፍራው ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ሥጋ ቤት ነው፣ ልጇ ዜፕ ያርድበታል፣ ይሸጥበታል። መካከሉ ላይ እነሱ ይኖራሉ። እኔ ከጣሪያው ሥር፣ ቀጥ ብዬ ስቆም ራሴ ወራጁን በሚነካባት ክፍል ነበርሁ። በመስከረም ስገባ ፍራው ሌሕነር የሞተች እህቷን ካፖርት አውጥታ ሰጠችኝ። ቡናማ፣ ከባድ፣ አንገቱ ላይ ጠጉር ያለው፣ ናፍታሊን የሚሸት ጥሩ ካፖርት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጉልበቷን ልስም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያን ካፖርት ለብሼ ከእሷ ጋር መንገድ ላይ ከታየሁ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አቁማ «ካፖርቱን አያችሁት? የእህቴ ነው። እኔ ነኝ የሰጠኋት» ትላለች። ለዳቦ ጋጋሪው ትነግረዋለች፣ ለጫማ ሰፊው ትነግረዋለች፣ ለቄሱ ትነግረዋለች። ክረምታቸው ሳይገባ ካፖርቱ ከእኔ ይልቅ ታዋቂ ሆነ።

ጾመ ነቢያት የሚገባው በኅዳር አጋማሽ ነው። እነሱም ገናን የሚጠብቁበት፣ አድቬንት የሚሉት ወቅት የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። እኛ መጾም ስንጀምር እነሱ መብላት ይጀምራሉ። ከተማዋ በአንድ ሌሊት ተለወጠች። በየመስኮቱ ሻማ፣ በየበሩ የጥድ ቅጠል አክሊል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ባለው አደባባይ የእንጨት ዳሶች ተተከሉ፤ በቅመም የፈላ ወይን፣ የተቆላ ለውዝ፣ የማር ዳቦ ይሸጥባቸዋል። አንድ ኩባያ ወይን ከሁለት ዳቦ የሚበልጥ ዋጋ ነበረው። ወንዶቹ ላባ የተሰካበት አረንጓዴ ባርኔጣ፣ ሴቶቹ ወገብ የሚያጠብቅ ሽርጥ ያለው ቀሚስ ለብሰው ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይቆማሉ። ከማማው ላይ አራት ሰዎች ጥሩምባ ይነፋሉ። ዜማው ያምራል፤ አያምርም ብል እዋሻለሁ። እኔ ከፋርማሲው ጥግ ቆሜ እሰማለሁ። ከጎኔ ያለው ሰው ግን ቦርሳውን ከአንደኛው ትከሻው ወደ ሌላኛው ያዞራል፤ ከእኔ ወዳልሆነው ወገን። ያን ለመልመድ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ፍራው ሌሕነር በአድቬንት መጀመሪያ እሑድ አንድ ትልቅ ሳህን ብስኩት ይዛ ጠራችኝ። የጨረቃ ቅርጽ ያለው አለ፣ የኮከብ አለ፤ ሁሉም በቅቤና በእንቁላል የተለወሰ ነው።

«ብዪ» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ጾም ላይ ነኝ።»

«በገና ሰሞን ምን ጾም አለ? የደስታ ጊዜ እኮ ነው!»

«እኛ ዘንድ ደስታው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ይጾማል።»

ሳህኑን ከፊቴ አነሣችው። «ቅቤ ነው እንጂ መርዝ አይደለም። አገርሽ የሚበላ የለም ይባላል፤ እዚህ ሲሰጡሽ ደግሞ አልበላም ትያለሽ። ዜፕ፣ ሰማህ? የእኛ ምግብ አይጥማትም!» ዜፕ ከሶፋው ላይ ሆኖ ሳቀ። ትልቅ፣ ቀይ አንገት ያለው፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነበር። ግራ እጁ አውራ ጣት የለውም፤ የሥጋ ቢላ ቆርጦታል። ከዚያ ቀን ወዲህ በደረጃው ላይ ባገኘኝ ቁጥር በዚያ እጁ ሆዱን እየደበደበ «ጾም! ጾም!» ይለኛል። ከታች የሚጠበሰው ቋሊማ ሽታ ወለሉን አልፎ እስከ አልጋዬ ይመጣል። ቆሎዬን እያኘክሁ፣ በርበሬ የነሰነስሁበትን ምስር እየበላሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እተኛለሁ።

አሁን ስለ ክራምፑስ ልናገር። በዚያ አገር ከገናው በፊት ኒኮላውስ የሚሉት ጳጳስ አክሊል ደፍቶ በየቤቱ እየዞረ ለልጆች ስጦታ ያድላል። ይህ ደግ ነው። ከኋላው ግን ሰይጣን ይከተለዋል፤ ስሙ ክራምፑስ ነው። ጎረምሶቹ የፍየል ጠጉር ለብሰው፣ ቀንድ ያለው የእንጨት ጭምብል አጥልቀው፣ ወገባቸው ላይ ትልልቅ ቃጭል አስረው፣ አርጩሜ ይዘው ከተማውን ያሸብራሉ። ሴቶችን ያባርራሉ፣ እግራቸውን ይገርፋሉ፣ ፊታቸውን ጥላሸት ይቀባሉ። ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከሥራ ወጥቼ፣ በነጠላዬ ጆሮዬን ሸፍኜ፣ ገና ሲመሻሽ ወደ ቤቴ ስመጣ በጠባቧ መንገድ ላይ ቃጭል ሰማሁ። ዘወር ስል ከበቡኝ። ሰው በግራና በቀኝ ተሰልፎ ያያል፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። አንደኛው እጁን ጥላሸት ውስጥ ነክሮ ወደ ጉንጬ ዘረጋና ድንገት አቆመው። ወደ ተመልካቹ ዞረና «ይቺማ ተቀብታ መጥታለች!» ብሎ ጮኸ።

መንገዱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁን ዛሬም እሰማዋለሁ። ከዚያ በአርጩሜው ባቴን አቃጠለኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውሁት። ልሸሽ ስል ነጠላዬን ጎትቶ ጣለው፤ ጭቃና በረዶ ላይ ረገጠው። ነጠላዬን ለማንሣት ጎንበስ ስል አርጩሜውን የያዘውን እጅ ከፊቴ አየሁት። አውራ ጣት የለውም።

ቤት ስገባ ፍራው ሌሕነር ካልሲዬ በደም መነካካቱን አየች። «አገኙሽ?» አለችና ፈገግ አለች። «ባህላችን ነው። በዚህ ቀን የተመታች ሴት ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ ትሆናለች።»

«የመታኝ ዜፕ ነው።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ከጭምብሉ ሥር ማን እንዳለ አይጠየቅም። ይህም ባህል ነው።»

የንስሐ አባቴ ይህን ታሪክ ያውቃሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከእኔ ጋር ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። ባለፈው እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ተቀምጠን «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ተያቸው እንግዲህ» አሉኝ። «አባ፣ መች ይቅርታ ጠየቁኝና!» አልኋቸው። «ባይጠይቁስ?» አሉ። «ባይጠይቁማ ባህል ነው ብለው ይቀራሉ፤ ሌላዋንም ይገርፋሉ» አልሁ። አባ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ወደ ዋርካው ቀና አሉ። እኔም ተነሥቼ ሄድሁ።

እግዜር ግን ሳይደግስ አይጣላም። ገናቸው ሲቃረብ በመጦሪያው ቤት ለሠራተኛው ግብዣ ተደረገ። የተጠበሰ ዝይ፣ ድንች በቅቤ፣ ክሬም የተቀባ ኬክ። ከጠረጴዛው ጥግ ደረቅ ዳቦና ፖም ይዤ ተቀመጥሁ። ከፊት ለፊቴ አንዲት በራሷ ላይ ሻሽ ያሰረች፣ እጇ በሳሙና የተላጠ ሴት አለች፤ እሷም ደረቅ ዳቦና ፖም ይዛለች። የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ ነበረች። ሚሊትሳ ትባላለች፣ የሰርብ አገር ሰው ናት። ፖሜን አየች፣ ፖሟን አየሁ።

«ሆድሽን አሞሻል?» አለችኝ በተሰባበረ ጀርመንኛ።

«አላመመኝም። ጾም ነው።»

ፖሟን አስቀመጠች። «የምን ጾም?»

«የገና። ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል።»

«ገናችሁ መቼ ነው?»

«ከእነሱ በኋላ። ሦስቱ ነገሥታት ብለው በሚያከብሩት በዓል ማግሥት።»

ሚሊትሳ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችና ሰዎቹ ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ሳቀች። «የእኔም! በዚያው ቀን! እኔ እዚህ አገር ብቻዬን የምጾም መስሎኝ!» ከዚያ በኋላ ከሥራ ስንወጣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍሏ እየሄድሁ ባቄላ በነጭ ሽንኩርት አብረን እንበላ ነበር። ባሏ ግንብ ሠራተኛ ነበር፤ ለበዓል አገሩ ሄዷል፣ እሷ ፈቃድ ስላላገኘች ቀርታለች። ስለ ክራምፑሱ ስነግራት ባቴን ገልጣ አየች፣ በአገሯ ቋንቋ ብዙ ተሳደበች። አንዱም ቃል አልገባኝም፤ ሁሉም ደስ አለኝ።

ዋናው በዓላቸው ዋዜማ ላይ ነው። በዚያ ቀን ሱቁ ሁሉ ከቀትር በኋላ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ሚሊትሳ በዚያ ቀን ተረኛ ነበረች። ፍራው ሌሕነር በደረጃው ላይ አግኝታኝ «ዛሬ ማታ እንግዶች አሉን። ይህ ምሽት የቤተሰብ ነው፤ ክፍልሽ ውስጥ ብትሆኚ ጥሩ ነው» አለችኝ። ሲመሻሽ ውኃ ልቀዳ ወደ መካከለኛው ፎቅ ስወርድ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጥዱ በእውነተኛ ሻማ ተንቦግቡጓል፤ ትንሽ ደወል ተደወለች፤ መዘመር ጀመሩ። እንስራ እንደተሸከመ ሰው ውኃዬን ይዤ ቆምሁ። ፍራው ሌሕነር አየችኝ። ዘፈኑን ሳታቋርጥ፣ አፏ እየዘመረ፣ መጥታ በሩን ዘጋችው። እኛ አገር የበዓል ቀን በር የዘጋ ሰው «ምን ነካው? ሐዘን ገባው ወይ?» ይባላል። አባቴ በልደት ቀን ማኅሌት ቆሞ አድሮ ሲመለስ መንገደኛ ሳያገኝ ከቀረ እህል አይቀምስም ነበር፤ እናቴ መንገድ ዳር ወጥታ የማታውቀውን ነጋዴ እየጎተተች ታመጣለት ነበር። ያን ምሽት ከጣሪያው ሥር ተቀምጬ የናፈቀኝ ዶሮውና ጠላው አልነበረም። ያ ከመንገድ የሚጎተተው ነጋዴ መሆን ነው ያማረኝ።

ዓመታቸው ከተለወጠ በኋላ ያቺው ፍራው ሌሕነር በጣፋጭ ድምፅ ጠራችኝ። እሷ የሰበካው የሴቶች ማኅበር መሪ ናት። በሦስቱ ነገሥታት በዓል ከመዘምራኑ ሦስት ሰዎች እንደ ሰብአ ሰገል ለብሰው፣ ኮከብ በእንጨት ላይ ሰክተው፣ እየዘመሩ በየቤቱ ይዞራሉ፤ በየበሩ ጉበን ላይ በጠመኔ ቡራኬ ይጽፋሉ። ጽሑፉ ዓመቱን ሙሉ ቤቱን ከእሳትና ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይላሉ። ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ ጥቁር ነው። በየዓመቱ አንዱን ሰው ጥላሸት ቀብተው ያቆሙት ነበር።

«ዘንድሮ አንቺ ብትሆኚልን» አለችኝ። «ጥላሸት አያስፈልግሽም።»

ደረጃውን ወጣሁና በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። እንቢ ልል ነበር። ለሚሊትሳ ስነግራት አንሶላ እያጠፈች ነበር። የአንሶላውን ጥግ ከጥግ አጋጠመችና «ሂጂ» አለችኝ። «ግን ንጉሥ ከሆንሽ እንደ ንጉሥ ሁኚ። እንደ ጥላሸት አትሁኚ።»

ሄድሁ። ወርቃማ የወረቀት ዘውድ ደፉልኝ፣ ከቀይ መጋረጃ የተሰፋ ካባ አለበሱኝ። ሁለቱ ነገሥታት ፖስተኛውና አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። ፖስተኛው ኮከቡን ያዘ፤ መምህርቷ ትመራለች። ለእኔ ጠመኔውንና የምጽዋት ሣጥኑን ሰጡኝ። ሣጥኑ ላይ ዓይኗ የጎደጎደ፣ የከሳች ጥቁር ልጅ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ምጽዋቱ ለአፍሪካ ድሆች ነው። ያን ሣጥን ደረቴ ላይ ይዤ ቤት ለቤት ዞርሁ። ሰዎች በሩን ከፍተው ያዩኛል፣ «እውነተኛ ነው!» ይላሉ፣ ልጆቻቸውን ጠርተው ጉንጬን ያስነካሉ፤ የልጆቹ ጣት እንዳልጠቆረ አይተው ይስቃሉ። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም ይጥላሉ። እኔ ጉበኑ ላይ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነበር፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። በየቤቱ ስጽፍ በልቤ «ይህን ቤት ባርከው» እል ነበር፤ ጠመኔ ይዤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንዲህ ስንዞር ውለን የቀረን የመጨረሻው ቤት የእኔው ቤት፣ የእነ ሌሕነር ቤት ሆነ።

ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል። የሥጋ ነጋዴዎች፣ ሚስቶቻቸው፣ የማኅበሯ ሴቶች። ያ በር ተከፈተልኝ፤ ዘውድ ደፍቼ ስመጣ ተከፈተልኝ። መዝሙሩን አጋመስነው። ዜፕ ሞቅ ብሎታል። ቋሊማ በሹካ ወግቶ ወደ አፌ አስጠጋው።

«ንጉሡ ርቦታል! ብላ፣ ንጉሥ!»

«ነገ ነው የምበላው» አልሁ።

«ነገ?» ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ሣጥኑ ላይ ያለችው እህትሽ አይደለችም? ለእሷ ስትለምኚ ውለሽ አንቺ ምግብ ታማርጫለሽ?»

ሳቁ። ያ የመንገዱ ሳቅ ነው። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሥጋው መካከል አስቀመጥሁት።

«ዜፕ፣ ግራ እጅህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«አውራ ጣት የሌለውን እጅህን። በክራምፑስ ቀን እግሬን የገረፈው ይህ እጅ ነው። ፊቴን ሊቀባ መጥቶ ‹ተቀብታለች› ብሎ ከተማውን ያሳቀብኝም ባለቤቱ ነው። ያን ፊት ዛሬ ለበዓላችሁ ፈለጋችሁት። በእነዚህ ሰዎች ፊት ይቅርታ ጠይቀኝና መዝሙሩን እንጨርስ።»

አንዱ «ቀልድ እኮ ነበር» አለ። ሌላዋ «ባህል ነው» አለች። ፍራው ሌሕነር ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ «በበዓል ቀን! በእኔ ቤት!» አለች። ዜፕ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ መስኮቱ ዞረ። ፖስተኛው ጨንቆት በጆሮዬ «ጻፊና እንውጣ» አለኝ። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ጠመኔውን ወደ ጉበኑ አነሣሁ። የአምናው ጽሑፍ ደብዝዞ ይታያል። እጄ እዚያ ላይ ቆመ። አባቴ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር በሐሰት መመረቅ ከመርገም እንደሚከፋ ነው።

ወረድሁ። «ይህን ቤት አልባርክም» አልሁ።

አንዲት አሮጊት አማተበች። ፖስተኛው «እኔ ልጻፈው» ብሎ እጁን ዘረጋ። እስካሁን ያልተናገረችው መምህርት በሩን ከፍታ ቆመች። «ጠመኔው የእሷ ነው» አለችው። «ንጉሡ አልባርክም ካለ አልባርክም ነው። ና እንሂድ።» ስሟን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ ግን በየዓመቱ በጸሎቴ አነሣታለሁ።

በማግሥቱ ልደት ነበር፤ የእኔ ገና። ገና ሲነጋ ፍራው ሌሕነር ወደ እኔ ክፍል ወጣች። ከገባሁ ወዲህ ያን ደረጃ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። እያለከለከች ጠመኔ ዘረጋችልኝ።

«ጻፊልኝ። ዜፕ ዜፕ ነው፤ ቤቱ ግን የእኔ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህ በር አንድም ዓመት ሳይጻፍበት አድሮ አያውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ዜፕ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ ወዲያው እጽፋለሁ።»

«አይጠይቅሽም። አንገቱን ቢቆርጡት አይጠይቅሽም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን አደረግሁሽ?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄዋ ነው ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ፤ ከአርጩሜውም በላይ።

«እንግዲያው አልጽፍም።»

«እንግዲያው እዚህ ቤት አትኖሪም» አለች።

ሻንጣዬ ትንሽ ነው፣ ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀም። ካፖርቱን አጣጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥሁት። «ሲያገኟቸው ለሰዎቹ መልሳልኛለች ይበሏቸው» አልኋትና ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። በረዶ እየወረደ ነበር። በየደጁ ሰዎች ጥዳቸውን እያወጡ ይጥላሉ፤ ያ ሁሉ ሲያሸበርቅ የሰነበተ ዛፍ በጎኑ ተጋድሞ ቆሻሻ ጫኚ መኪና ይጠብቃል። የእነሱ ገና አልቆ ተጥሏል፣ የእኔ ዛሬ ገብቷል፣ እኔ ደግሞ ቤት የለኝም። ያን ጊዜ አለቀስሁ። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። እንባዬ ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘ።

የሚሊትሳን በር ሳንኳኳ አፈርሁ። በበዓሏ ማለዳ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ገድ አለው? መከራዬን ወደ ቤቷ ይዤ የምገባ መሰለኝ። በሩን ከፈተችው፣ አየችኝ፣ ሻንጣውን አየች፣ ከዚያ ጮኸች።

«ቆይ! እንዳትገቢ! በቀኝ እግርሽ!»

በቀኝ እግሬ ገባሁ። ከጎድጓዳ ሳህን የስንዴ ፍሬ ዘግና ራሴ ላይ በተነችብኝ። ወለሉ ላይ ገለባ ተጎዝጉዟል፤ ልክ እኛ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዝ። «የመጀመሪያዋ እንግዳ!» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። «እኛ አገር በገና ማለዳ መጀመሪያ ደጅህን የረገጠው እንግዳ የዓመቱን በረከት ይዞ ነው የሚገባው። እዚህ አገር ስንት ዓመት ጠበቅሁ፤ አንድም ሰው መጥቶልኝ አያውቅም!» ከአልጋዋ ላይ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ገፍፋ ትከሻዬ ላይ ጠቀለለችብኝ፤ እንግዳው እንዲሁ ይደረግለታል አለች። ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችኝና ወይራ የመሰለ ቅርንጫፍ እጄ ላይ አኖረች።

«እሳቱን ቆስቁሺና ቤቴን ባርኪልኝ» አለችኝ። «እንግዳዋ ነሽ፤ ያለ አንቺ አይሆንም።»

«ምን ልበል? የእናንተን አላውቅም።»

«የእናንተን በይ።»

እሳቱን ቆሰቆስሁት። ፍንጣሪው ወደ ላይ ተነሣ። ያን ዓመትም ከዚያ በኋላ ባሉትም ዓመታት እዚያችው ክፍል ከሚሊትሳና ከባሏ ጋር፣ በኋላም ከጎናቸው ተከራይቼ ኖርሁ፤ ትምህርቴንም እዚያው ጨረስሁ። ለዚያኛው ቤት እስከ ዛሬ ምርቃት የለኝም፤ አባ ቢቆጡም የለኝም። ለዚህኛው ግን ከልቤ መጣልኝ። ሽማግሌ እንደሚመርቀው መዳፌን ዘርግቼ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ «ቤትሽ ይሙቅ፣ ማድሽ አይጉደል፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። ባልሽን በሰላም ይመልስልሽ፣ አንቺንም ከናፈቅሽው አገርሽ ያግባሽ» አልሁ።

ሚሊትሳ አንድም ቃል አልገባትም። ራሷን ዝቅ አድርጋ «አሜን» አለች።